አንድ ነጥብ ፍለጋ፦ ከወልቂጤ እስከ ናይሮቢ

ረቡዕ፤ ከወልቂጤ ቡታጅራ

ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወልቂጤ መናኸሪያ ደረስኩ። ጀርባዬ ላይ ሁለት ራኬት፣ በእጄ አንዲት የልብስ ቦርሳ ይዣለሁ። የሚኒባሱ ረዳት የራኬቱን መያዣ ከላይ እስከ ታች አየና «እህቴ፣ ጊታሩን ጣራ ላይ ላድርገው?» አለኝ።

«ጊታር አይደለም። ቴኒስ ነው።»

«የጠረጴዛው?»

«የሜዳው።»

ምንም እንዳልገባው ፊቱ ይናገራል። ደግሞም እውነቱን ነው። በእኛ አካባቢ ቴኒስ ሲባል ሰው የሚያስበው ጠረጴዛውን ነው። ራኬቶቼን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጉዞ ጀመርን።

እመቤት እባላለሁ። ወልቂጤ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነው። የምሄደው ናይሮቢ ነው፤ የምሄድበትም ምክንያት አንዲት ነጥብ ናት። የዓለም ቴኒስ ተጫዋቾች ስም በደረጃ የሚሰፍርበት ዝርዝር አለ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሰው ነጥብ ማግኘት አለበት፣ ነጥብ ደግሞ የሚገኘው ለዚሁ ተብለው በሚዘጋጁ ውድድሮች ነው። በዚህ ዓመት እኛ በመኪና ልንደርስበት የምንችለው የናይሮቢው ብቻ ነበር። ደረጃ የሌለው ሰው መጀመሪያ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ ያሸንፋል፤ ከዚያ ዋናው ውድድር ውስጥ ይገባና አንድ ጨዋታ ካሸነፈ አንዲት ነጥብ ይሰጠዋል። ሦስት ጨዋታ ማለት ነው። ወልቂጤ ቁጭ ብዬ ሳስበው ሦስት ብዙ አልመሰለኝም ነበር።

«እኛ» ያልኩት ሐያትን ጨምሬ ነው። ሐያት የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ወልቂጤ ዳር ባለችው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ብቻዬን ግድግዳ ስደበድብ አይታኝ «እኔንም አስተምሪኝ» ብላ ገባች። አምስት ዓመት ሆነን። ተመርቃ ቡታጅራ አባቷ ሱቅ ከገባች በኋላም እሑድ እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ እየመጣች እንጫወታለን። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ካሸነፍኳት ግን ሁለት ዓመት አልፎኛል።

ለእኔ ነጥቧ ስሜን አንድ ጊዜ እዚያ ዝርዝር ላይ የማየት ምኞት ናት፤ ከዚያ በላይ የለም። ለሐያት ግን ሌላ ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ የማሰልጠኛ ማዕከል፣ ነጥብ ያላቸውንና ሃያ አራት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች በነጻ ይቀበላል። አዲስ አበባ ላይ ስትጫወት ያያት አሰልጣኝ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ ብሏታል፤ ነጥቧን አምጪ እንጂ። ሃያ አራት ልትሞላ የቀራት ሦስት ወር ነው።

ከጉብሬ በኋላ መንገዱ ወደ አገና ይወጣል። ደጋው ላይ ጉም ነበር። የእንሰቱ ቅጠል ውሃ ተሸክሞ አጎንብሷል፤ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ሾፌሩ መስኮቱን መዝጋት ስላልቻለ ሁላችንም ተንቀጠቀጥን። ከተራራው ወደ ቡታጅራ ስንወርድ ፀሐይ ወጣችና ሰው ሁሉ ማውራት ጀመረ።

የሐያት አባት አቶ ሸምሱ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ የማረቆ በርበሬ በጆንያ ተደርድሮ ያስነጥሳል። እያስነጠስኩ ገባሁ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቲቸር! ይማርሽ። እኛ እኮ ለምደነው አይሰማንም።»

ክትፎና ቆጮ አቀረቡልን። ሐያት አልበላ አለች፤ ከጉዞ በፊት ሆዷ አይከፈትም። አባቷ እያዩዋት ቆዩና ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦ «ቲቸር፣ እኔ ይሄን ኳስ አላውቀውም። አንድ ቀን አይቼው ሁለት ሰው ሲለፋ ነው ያየሁት። ግን ልጄ ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ናት፣ ከዚያ ስትመለስ ሌላ ዓይነት። ስለዚህ ሂዱ። አላህ ያቅናችሁ።»

ለመንገድ ሙሉ ቆጮ በእንሰት ቅጠል አስጠቅልለው ሰጡን።

ከሰዓት በኋላ በቆሼ በኩል ወደ ዝዋይ አለፍን። ቆሼ ላይ ሙቀቱ ፊት ይመታል፤ ጠዋት ደጋው ላይ የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ተቀመጥኩበት። ሐያት መስኮት ዳር ሆና ከሾፌሩ ሬዲዮ ጋር እየዘፈነች ነበር። ሐዋሳ አደርን።

ሐሙስ፤ እስከ ሞያሌ

ከሐዋሳ ሞያሌ ያለውን መንገድ በካርታ ሳየው አንድ ቀጭን መስመር ነበር። ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። እስከ ሐገረ ማርያም አረንጓዴ ነው፤ ቡና፣ እንሰት፣ ዳገት። ከዚያ ዛፉ እያጠረ፣ አፈሩ እየቀላ ይሄዳል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በየቦታው ቆሟል። የቦረና ከብቶች አስፋልቱ መሀል ቆመው ሾፌሩን ያያሉ፤ ሾፌሩም ያያቸዋል፤ የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው።

ያቤሎ ለምሳ ስንቆም ሴቶች በትንንሽ ጄሪካን የግመል ወተት ይዘው አውቶቡሱን ከበቡ። ሐያት አንድ ብርጭቆ ገዝታ ጠጣች።

«እሜ፣ ቅመሺ! ጢስ ጢስ ይላል፣ ወላሂ ይጣፍጣል።»

«ከውድድር በፊት አዲስ ነገር አይበላም» አልኳት፣ እንደ አስተማሪ።

«አንቺ ደግሞ!» አለችና ሁለተኛ ብርጭቆ ደገመች።

ሞያሌ ስንደርስ ሆዷን ቆርጦ ቆርጦ ያዛት።

ዓርብ፤ ድንበሩና በረሃው

ጠዋት ድንበር ላይ ፓስፖርታችንና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችን ታየ። የኬንያው ፈታሽ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ቆጮው ነው። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አሸተተ፤ ራሱን ወደ ኋላ ሳበ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዳቦ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ከምን የተሠራ?»

«ከዛፍ።» እንሰት ሙዝ የሚመስል ተክል ነው፣ ፍሬው ሳይሆን ግንዱ ነው የሚበላው እያልኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። ባልደረባውን ጠራው፤ እሱም አሸተተ። ሁለቱም ሳቁና አሳለፉን። ሐያት እንኳን ሳቀች። በዚያ ጉዞ ላይ ሁለታችንም ከልባችን የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ እዚያ ነበር።

አውቶቡሱ ማልዶ ስለተነሳ በረሃውን ቀን በቀን አለፍነው። ከሞያሌ ማርሳቢት አስፋልቱ እንደ ክር የተወጠረ ነው፤ በግራም በቀኝም ጥቁር ድንጋይና ነፋስ። ሐያት ሦስት ጊዜ አውቶቡሱን አስቆመች። ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ አጉረመረመ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሶማሌ እናት ተነስተው በቋንቋቸው ጮኹበት፤ ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ሾፌሩ ግን ዝም ብሎ ጠበቀ። እናትየዋ ለሐያት ስኳርና ጨው የበጠበጡበት ውሃ አጠጧት፣ ግንባሯን ዳበሷት። ማርሳቢት ላይ ሻይና ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በመቶ ሽልንግ ገዝቼ አመጣሁላት፤ ሻዩን ብቻ ጠጣች።

ናይሮቢ ስንገባ አመሻሽ ነበር። ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፣ አማርኛ የሚናገር ሰው በማይጠፋበት መንገድ ላይ፣ አንድ ክፍል ያዝን። ሐያት ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች።

ቅዳሜ፤ ዕጣ

ውድድሩ የሚካሄድበት ክበብ ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ ነው። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። ከዚያ በፊት አፈር ሜዳ ላይ ተጫውተን አናውቅም፤ እኛ የምናውቀው ሲሚንቶ ነው። አፈሩ ላይ ኳስ ስታርፍ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ምልክት ትታ ትሄዳለች። ሐያት ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። «ታያለሽ እሜ? እዚህ ማንም መዋሸት አይችልም» አለች።

ስም ለማስመዝገብ ወረፋ ስንይዝ ከፊታችን የነበረችው አንዲት ዚምባብዌያዊት ነበረች። እጇ ላይ የራኬት ክር ጠቅልላለች። ለሌሎቹ ተጫዋቾች ራኬት እየወጠረች በምታገኘው ገንዘብ ነው ከአገር አገር የምትዞረው። ስንት ጊዜ ሆነሽ አልኳት።

«ስድስት ዓመት።»

«ስንት ነጥብ አለሽ?»

«አሁን? ምንም። ሁለት ነበሩኝ፤ ዓመት ሲሞላቸው ጠፉ።» ነጥብ እንደ ወተት ነው፤ በጊዜው ካልተተካ ይበላሻል አለችኝ። ስትናገር አላዘነችም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ማምሻውን ዕጣው ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስሜን ፈለግኩ። አጠገቡ ያለውን ስም ሳነብ የተሳሳተ ወረቀት ያየሁ መሰለኝ። በመጀመሪያው ማጣሪያ የተመደብነው እኔና ሐያት ነን፤ እርስ በርሳችን።

የውድድሩ ኃላፊ ወደነበሩት ሴትዮ ቢሮ ሮጥኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ።

«ሦስት ቀን በመኪና መጥተን ነው» አልኳቸው። «በአገራችን በየሳምንቱ የምንጫወተው እኛው ነን።»

«ይገባኛል። ግን ዕጣ ነው።»

«እኔ ብተውስ? እሷ ታልፋለች?»

«አታልፍም። በአንቺ ቦታ ከተጠባባቂዎቹ አንዷ ትገባለች፤ ጓደኛሽ ከእሷ ጋር ትጫወታለች። ከተጠባባቂዎቹ ውስጥ ጠንካሮች አሉ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሆን ብለሽ ለመሸነፍ ካሰብሽ ደግሞ አልሰማሁሽም። ሁለታችሁንም ያስቀጣል።»

ሐያት ውጭ ደረጃው ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት።

«እሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ» አለች። «በእውነት ተጫወቺ። አዝነሽልኝ ብትለቂልኝ፣ ወላሂ፣ አላናግርሽም።»

ቃል ገባሁላት።

እሑድ፤ ጨዋታው

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሜዳ ቁጥር ስድስት። ተመልካች አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ አንድ አትክልተኛ ቅጠል ይጠርጋል። ማጣሪያ ላይ መስመር የሚጠብቅ ዳኛ የለም፤ በአንቺ በኩል የወደቀውን ኳስ አንቺው ትፈርጂያለሽ፤ የወጣ ከሆነ «አውት» ትያለሽ። ተጋጣሚሽ ከጠረጠረች መጥታ ምልክቱን ታያለች፤ ጭቅጭቅ ከተነሳ ኃላፊዋ ይጠራሉ።

ሐያት ከሐሙስ ጀምሮ የበላችው ሁለት ሙዝና አንድ ቁራሽ ቆጮ ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። የመጀመሪያውን ክፍል ስድስት ለሦስት አሸነፍኩ። እያሸነፍኩ ሳለ የደስታ ስሜት ፈልጌ አጣሁ። በመሀል ሄዳ አጥሩ ሥር አስታወከች፤ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች።

«እንተወው?» አልኳት።

«ሰርቭ አድርጊ» አለች።

በሁለተኛው ክፍል ያቺ የማውቃት ሐያት መጣች። እግሯ ስለማይሮጥላት ኳሷን ቶሎ መጨረስ ጀመረች፤ አጫጭር፣ ጠማማ፣ ደፋር ኳስ። ስድስት ለአራት ወሰደች። አንድ ለአንድ ሆንን። ሦስተኛውን ክፍል በአጭሩ ነው የሚጨርሱት፤ ቀድማ አስር የደረሰች ታሸንፋለች።

ስምንት ለስምንት ደረስን።

ሐያት ሰርቭ አደረገች፣ መለስኩ፣ እሷ በግራ በኩል ወደሚገኘው የጎን መስመር መታች። ኳሷ ወንበሮቻችን ካሉበት ዳር ወደቀች። አልደረስኩባትም። እጄ ግን ከአእምሮዬ ቀድሞ ተነሳ።

«አውት!»

ሐያት ከመረቡ ወዲያ ቆማ አየችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

መጥታ ማየት ትችል ነበር። አልመጣችም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተጠራጥራኝ አታውቅም፤ ወደ መስመሯ ተመለሰች።

ኳሷን ለማንሳት ስሄድ ምልክቱን አየሁት። ግማሹ ነጩ መስመር ላይ ነበር። ግማሹ! ጥርጥር የሌለው፣ ሕፃን ልጅ የሚፈርደው ምልክት። በእውነቱ ዘጠኝ ለስምንት የምትመራው ሐያት ናት ማለት ነው።

በሁለት ነጥብ መካከል ሃያ አምስት ሰከንድ ይሰጣል። «ሐያት፣ ተሳስቻለሁ» ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ያንን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ኳሷን አነሳሁ። በቁምጣዬ አፈሩን ጠረግኩላት። ሁለት ዓመት ያላሸነፍኳት ልጅ፣ ሦስት ቀን የተጓዝኩበት መንገድ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ዳግመኛ እንደማልመጣ ማወቄ፣ ይሄ ሁሉ ደረቴ ውስጥ ተጨናነቀ። ግን ምክንያት ብዬ አላቀርበውም። ዝም አልኩ፤ በቃ።

ቀጣዩን ኳስ መታችው፣ መረቡ ላይ ቀረ። አስር ለስምንት አሸነፍኩ።

መረቡ ጋ ስንጨባበጥ እጇ ይተኩስ ነበር። «ጎበዝ፣ እሜ። ነገም አሸንፊ» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ ወስዳ የጫማዋን ክር ፈታች። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ከኋላዬ ሠራተኞቹ ትልቁን መጥረጊያ እየጎተቱ ሜዳውን ያስተካክሉ ነበር፤ ሲጨርሱ አፈሩ ምንም ያልተነካ ይመስል ነበር።

ሰኞ

ሁለተኛዋ ተጋጣሚዬ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከአውሮፓ ከእናቷና ከአሰልጣኟ ጋር መጥታለች፤ ስድስት ራኬት ያለው ቦርሳ ተሸክማለች። ትሕትና ያላት ልጅ ናት፤ ኳስ ስታቀብለኝ በሁለት እጇ ነው።

ስድስት ለባዶ፣ ስድስት ለአንድ። አርባ ስምንት ደቂቃ።

ያቺን አንዷን ጌም ሳገኝ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ብቻውን አጨበጨበ። ዞር ስል ሐያት ናት፤ በነጠላ ተጠቅልላ ሳር ላይ ተቀምጣለች። ሕመሙ ተሽሏት ነበር። ያን ቀን ልትጫወት ትችል ነበር።

ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ እሷም ብትሆን ይህችን ልጅ አታሸንፍም ነበር። ምናልባት እውነት ነው። ግን ያንን የማወቅ መብት የእሷ ነበር፤ አርባ ስምንቱም ደቂቃ የእሷ ነበር።

ማክሰኞ፤ መመለሻ

በሚመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ዕቃ ጭኗል፤ ብርድ ልብስ፣ ቴርሞስ፣ የልጆች ጫማ። እኛ ባዶ እጃችንን ነን። ከኢሲዮሎ በኋላ መሬቱ እንደገና ይደርቃል። ሐያት መስኮቱን ተደግፋለች። ከእሑድ ጀምሮ ተናደደችብኝ የሚያሰኝ አንድ ነገር አላደረገችም፤ ውሃ ታቀብለኛለች፣ ቦርሳዬን ትጠብቅልኛለች፤ ግን እየዘፈነች አይደለም።

ላይሳሚስ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ወርደን አንድ ግራር ጥላ ሥር ቆምን። ነፋሱ አቧራ ያነሳል። እዚህ ካላወጣሁት ቡታጅራ እንደማልናገር ገባኝ።

«ሐያት፣ እሑድ ዕለት ያቺ ኳስ...»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«መስመሩን ነክታለች። ጫማዬን ስፈታ ምልክቱን አየሁት። እግሬ ሥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ኃላፊዋን መጥራት...»

«ጨዋታው አልቆ ነበር። ደግሞ አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እሑድ ከሰዓት ጠበቅኩ። ሻይ ይዘሽልኝ ስትመጪ፣ አሁን ትነግረኛለች አልኩ። ሰኞ ስትጫወቺም እያጨበጨብኩ እየጠበቅኩ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ተውኩት።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። አላህም ይቅር ይበልሽ፣ እሜ። ከልቤ ነው።» ወደ መንገዱ ዞራ አየች። «ብቻ ከእንግዲህ አብሬሽ አልጫወትም። እንዴት እጫወታለሁ? እያንዳንዷን ኳስ ምልክት እያየሁ?»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፈርን። ሞያሌ እስክንደርስ ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነው ስለ ውሃና ስለ መስኮቱ ነው።

ሐሙስ፤ ቡታጅራ

አቶ ሸምሱ ሱቃቸውን ለጎረቤት ትተው መናኸሪያ ድረስ መጡ። ልጃቸውን አገላብጠው አዩዋት። «ከስተሻል። ምን አባሽ ነክቶሽ ነው?»

«አሞኝ ነበር፣ አባዬ። አሁን አልሐምዱሊላህ።»

«ቲቸር፣ አላህ ይስጥሽ። ሰው አገር ላይ አስታመምሽልኝ።» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ወደ ሐያት ዞሩ። «እሺ፣ ማን ናት ያሸነፈችሽ? የማን አገር ሰው?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ሐያት ቀደመችኝ።

«ዕጣው ከእሜ ጋር ጣለን። እሜ አሸነፈችኝ።»

አቶ ሸምሱ ሳቁ። በአንድ እጃቸው እሷን፣ በሌላው እኔን አቅፈው ሳቁ። «ታዲያ ምን አለበት! ከቤት አልወጣም ማለት ነው!»

ሱቅ ወስደው ሁለት ኪሎ በርበሬ በላስቲክ ቋጠሩልኝ። አልቀበልም ብዬ ብግደረደር እንቢ አሉ። ሐያት ከሚዛኑ ኋላ ወደ ቦታዋ ገብታ መሐረቧን አስራለች፤ አንዲት ገበያተኛ ዋጋ ስትጠይቃት ትመልስላታለች። ስወጣ «በሰላም ግቢ» አለችኝ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ይህ መንገድ ምን አስተማረኝ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ከጉዞ የተመለሰ ሰው አንድ ነገር ይዞ መግባት አለበት ይባላል። ያገኘሁት ይሄ ነው። እኔን የሚመስሉ፣ ስማቸው የትም ያልሰፈረ ተጫዋቾች፣ ብዙ የምናጣው ነገር የለንም እንላለን። ሐሰት ነው። እኔ የማጣው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ሐያት ምልክት ሳታይ የምታምነኝ ሰው መሆኔ። ናይሮቢ ድረስ ይዤው ሄጄ፣ ምንም ለማያስገኝ ነጥብ ለወጥኩት። ነጥብ ቢያስገኝም ደግሞ ያው ነበር።

ሰኞ፤ ትምህርት ቤት

ጠዋት ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ እንዳለቀ፣ «የስፖርት መምህራችን እመቤት በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ተሳትፋ፣ አንድ ጨዋታ አሸንፋ ተመልሳለች!» አሉ። ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ወደ ፊት ውጪ ተባልኩና ወጣሁ። ጥቂት ነገር ንገሪን አሉኝ። ስለ መንገዱ ተናገርኩ፤ ስለ ኩይሳው፣ ስለ ማርሳቢት ነፋስ፣ ቆጮ ስላሸተተው ፈታሽ። ሳቁ። ደግመው አጨበጨቡ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍሎች ሜዳ ወጡ። ከፊት የቆመች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ያሸነፍሻት ልጅ የየት አገር ናት?»

«የቡታጅራ» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። የቀለድኩ መስሏቸው ነው።